አባዬ፣ ያቺን ሰማያዊ ፋይል እንዳታቃጥላት

አባዬ እንደምን ሰነበትክ፣ ጉልበትህስ እንዴት አደረገህ? ባለፈው ስንደዋወል ኔትወርኩ እየተቆራረጠ በወጉ ሳናወራ ቀረን፣ ብቻ "ከእድሩም ከኮሚቴውም ወጥቻለሁ፣ ወረቀቶቹንም ሰብስቤ ላቃጥላቸው ነው" ያልከው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። በስልክ ብነግርህ እንደምታቋርጠኝ ስለማውቅ ነው የጻፍኩልህ፣ መነጽርህ ካስቸገረህ ልጆቹ ያንብቡልህ።

እዚህ ኒውዮርክ ሃርለም ሰፈር አንዲት አሮጊት እንደማስታምም ነግሬህ የለ? ሴትየዋ ሳሎን ውስጥ የአንድ ሰውዬ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል፣ መጀመሪያ ባሏ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ፓስተሯ ነው። ሬቨረንድ ካልቪን ባትስ ይባላል፣ በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 18 ቀን 2015 በካንሰር አረፈ፣ 73 ዓመቱ ነበር። (አይዞህ ጴንጤ አልሆንኩም፣ ለእማዬም ንገራት።) የቸርቹ ስም ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አቢሲኒያን ባፕቲስት ቸርች! በፈረንጆቹ 1808 ጥቁሮቹን ከነጮቹ ለይተን እናስቀምጣችሁ ሲሏቸው እምቢ ብለው ወጥተው የመሰረቱት ነው፣ ከመሃላቸውም ካገራችን የመጡ ነጋዴዎችና መርከበኞች ነበሩ ይላሉ። ጃንሆይ በኛ በ1946 አሜሪካ ሲመጡ እዛ ድረስ ሄደው መስቀል ሰጥተዋቸዋል። ባትስም በኛ ሚሌኒየም ጊዜ ከ100 በላይ ምእመን አስከትሎ ኢትዮጵያ ደርሶ ተመልሷል፣ እኛ ግን አልሰማንም።

ታዲያ ይሄን ሁሉ የማወራህ ስለ ስሙ ብዬ አይደለም። አንድ ቀን ሴትየዋን ምሳ እያበላኋት ምን አለችኝ፣ በፈረንጆቹ 1990 ሃርለም በሲጋራና በመጠጥ ቢልቦርድ ተጥለቅልቃ ነበር፣ ሀብታሞቹ ሰፈር እንደዛ የማይለጥፉትን ልጆቻችን ራስ ላይ ይለጥፉት ነበር አለች፣ ባትስ ደሞ ስብከት ብቻ አላደረገውም፣ ምእመኑን ሰብስቦ ሮለርና ነጭ ቀለም አስይዞ ወጣና ማስታወቂያዎቹን ቀቧቸው! እሷም ባልዲ ይዛ ነበር። በዛ እድሜዋ እጇን እያወዛወዘች እንዴት እንደቀቡ ስታሳየኝ ሾርባው ሁሉ ፈሰሰ፣ እኔ ግን አንተን ነበር የማስበው። ትምህርት ቤታችን አጥር ስር በተከፈተው ግሮሰሪ ላይ ስንት ማመልከቻ ጻፍክ አባዬ? ሰማያዊዋን ፋይል በብብትህ ይዘህ፣ ያቺን ኮት ለብሰህ፣ ፊርማ ልታሰባስብ ቤት ለቤት ስትዞር እኔ የክፍል ልጆች እንዳያዩኝ መንገድ ተሻግሬ በዛኛው በኩል ነበር የምሄደው። አንድ ቀን ጠርተኸኝ እንዳልሰማ ሆኛለሁ። እስከዛሬ ነግሬህ አላውቅም። አይተኸኝ ይሆናል ደሞ፣ አንተ እንደሆንክ አትናገርም።

ሰውየው ያልገባበት ነገር የለም። በፈረንጆቹ 1972 በወጣትነቱ ገብቶ በ1989 ዋናው ፓስተር ሆነ፣ በዛው ዓመት ቸርቹ የልማት ድርጅት አቋቋመና ኦና ቤቶቹን እያደሱ ለሰው መኖሪያ፣ ከዛ ትምህርት ቤት፣ ከዛ ሱፐርማርኬት። ሴትየዋ ከሁሉም በላይ የምታወራው ስለ ሱፐርማርኬቱ ነው፣ በፊት ትኩስ አትክልት ለመግዛት በባቡር ሌላ ሰፈር ትሄድ ነበር፣ በፈረንጆቹ 1999 በ125ኛው መንገድ ላይ ሲከፈት ቲማቲሙን እያገላበጠች ያለቀሰች ሰው ናት። ፖሊስ ሰው ሲደበድብም ዝም አይልም ነበር፣ ከንቲባውንም በአደባባይ ዘረኛ ብሎታል።

ሁሉንም አሞግሼልህ አልጨርስም። ወደ ፖለቲከኞች ይጠጋል ብለው የሚያሙት ነበሩ፣ በፈረንጆቹ 1993 ደሞ የራፕ ካሴትና ሲዲ መንገድ ላይ በሮለር መኪና ላስፈጭ ብሎ ወጣቶቹ ፊቱ ቆመው ከለከሉት፣ እዚህ ላይ እኔም ከወጣቶቹ ጋ ነኝ። አንተ ግን ብትኖር ሮለሩን ራስህ ትነዳለት ነበር።

ያ ሱፐርማርኬት ደሞ ተዘግቷል። እንደዛ ለፍተውበት ዛሬ የለም። ታዲያ አልተናደድሽም ወይ አልኳት፣ "አስራ ስድስት ዓመት በልቼበታለሁ" አለችኝና ውሃ አቀብይኝ አለች።

የኛ ግሮሰሪ እስከዛሬ እንዳለ አውቃለሁ። "ምን አመጣሁ" ያልከኝ ለሱ እንደሆነም ገብቶኛል። ግን በሩን ከትምህርት ቤቱ በር ወደዛኛው ጎን ያዞሩት በማን ነው? የመንገድ መብራቱስ? እሱንም ረስተኸዋል መሰለኝ፣ እኔ ማታ ከትምህርት ስመጣ ያለፍርሃት የምገባው አንተ ወረዳ ለወረዳ ተመላልሰህ ባስገባኸው መብራት ነበር። የቢራ ማስታወቂያ በ2011ዱ አዋጅ ከቴሌቪዥን ሲወጣ ደሞ ያንተን ያህል ደስ ያለው ሰው አላየሁም፣ ራስህ ያጸደቅከው ነበር የምትመስለው።

ስለዚህ ፋይሏን እንዳታቃጥላት እሺ? ልጆቹ አንድ በአንድ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩልኝ፣ ከነማህተሙ። ጀርባውንም እንዳይረሱ፣ የትኛው ቤት እንደፈረመና የትኛው በር እንደዘጋብህ በእስኪርቢቶ የምትጽፈው እዛ ላይ ነበር። ሴትየዋን አሳይሻለሁ ብያታለሁ፣ በየቀኑ መጣ ወይ እያለች ትጠይቀኛለች።