አንዱ ወላጅ «አልፈርምም» ሲል፦ ስለ ልጅ ፓስፖርት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጎንደር ፍርድ ቤቶች ደጃፍ ራፖር ጸሐፊዎች ከሚጽፏቸው ማመልከቻዎች አንዱ ዓይነት እየተደጋገመ ነው። ባልና ሚስት ተፋተዋል፤ ልጅ ከአንዳቸው ጋር ይኖራል፤ ውጭ ያለ ዘመድ ልኩልኝ ብሏል፣ ወይም ሕክምና ተገኝቷል። ሌላኛው ወላጅ ግን ለፓስፖርቱ አልፈርምም ይላል። ማመልከቻው ላይ የሚሰፍረው ጥያቄ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ «ሞግዚትነት ይሰጠኝ»። በሕጉ አሳዳሪ የልጁን አካልና ደኅንነት የሚጠብቅ፣ ሞግዚት ደግሞ በንብረቱና በጥቅሙ ጉዳይ የሚወክለው ሰው ነው። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ያ ጥያቄ ለምን እንደማያዋጣና በምትኩ ምን መጠየቅ እንደሚሻል ለአንባቢ ለማስረዳት ነው።

አባትና እናት በጋብቻ ሳሉ ሁለቱም የልጃቸው አሳዳሪም ሞግዚትም ናቸው። አንዱ ሲሞት፣ ችሎታ ሲያጣ ወይም በፍርድ ሲሻር ሥልጣኑ ለቀሪው ብቻ ይሆናል። ሲፋቱ ደግሞ ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ቀለቡንና መጠያየቁን ፍርድ ቤት ይወስናል። ስለዚህ «ሞግዚት ልሁን» የሚል ማመልከቻ ሲቀርብ የዳኛው የመጀመሪያ ጥያቄ «አባቱ የት ነው?» የሚል ይሆናል። በሕይወት ያለ፣ ያልተሻረ፣ አድራሻው የሚታወቅ አባት ካለ መዝገቡ እዚያው ላይ ይንገዳገዳል። ይህን የሚያውቅ ደላላ የሚመክረው መንገድ አለ፦ «የት እንዳለ አይታወቅም በይ፣ ሁለት ምስክር አቅርቢ»። ምክሩ ለጊዜው ይሠራል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ሳይጠራ የተወሰነበት አባት ነገሩን በሰማ ዕለት በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 358 መቃወሚያ ያቀርባል። የሞግዚትነት ውሳኔው ይሻራል፣ ፓስፖርቱ ላይ ጥያቄ ይነሳል፣ የመሰከሩት ሰዎችም በሐሰት ምስክርነት ይጠየቃሉ። ደግሞም በእኛ አገር የልጅ ሁለተኛ ስም የአባት ስም ነው። አባትን ከማመልከቻው ማውጣት ይቻል ይሆናል፤ ከልጁ ስም ግን አይወጣም። በፓስፖርት ሰጪው መሥሪያ ቤት መስኮት ያለው ሠራተኛ የልደት ምስክር ወረቀቱን ገልጦ ስሙን ሲያይ አባቱ የት እንዳለ መጠየቁ አይቀርም።

ሠራተኛውንም አትውቀሱ። ኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት በወላጆች መካከል አይፈርድም። ከሁለቱ ፊርማ አንዱ ሲጎድል ክፍተቱን ሊሞላለት የሚችለው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው፤ ቀበሌም ሆነ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት በጻፈው ደብዳቤ አይሞላም።

እንግዲህ መጠየቅ ያለበት ጠባብና ግልጽ ነገር ነው። የፍቺ ውሳኔ ካለ፣ ውሳኔውን ለሰጠው ፍርድ ቤት «አሳዳሪነቱ በመዝገብ ቁጥር እዚህ ተወስኖልኛል፤ ተጠሪ ያለ በቂ ምክንያት ስለከለከለ የልጁን ፓስፖርት ለማውጣትና ለማሳደስ የእኔ ፊርማ ብቻ በቂ ነው ተብሎ ይታዘዝልኝ» ማለት ነው። «ለማሳደስ» የምትለው ቃል እንዳትረሳ። ያለ እርሷ የወጣ ትእዛዝ ፓስፖርቱ ጊዜው ሲያልፍ ያንኑ ሙግት እንደገና ያስጀምራል። ከአዲስ አበባ የተቀዳ ማመልከቻ የፌዴራሉን የቤተሰብ ሕግ አዋጅ 213/1992 ጠቅሶ ይመጣል። እኛ ጋ የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ዳኛ በዚህ ብቻ አይጥልም፣ ግን ቀጠሮ ይበላል። ከእርሱ ጎን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ንኡስ አንቀጽ 2 ይጠቀስ፤ ፍርድ ቤቶች ሕፃናትን በሚመለከት ውሳኔ የሕፃኑን ጥቅም ማስቀደም እንዳለባቸው የሚለው ነው።

ብዙ ሰው አንድ አድርጎ የሚያያቸው ሦስት ፈቃዶች አሉ፦ ፓስፖርት ማውጣት፣ ለተወሰነ ጊዜ ከአገር መውጣት፣ ውጭ አገር ለኑሮ መሄድ። ፓስፖርት ወረቀት ነው፤ ማንንም ድንበር አያሻግርም። ስለዚህ ለፓስፖርት ብቻ ፈቃድ ማግኘት ይቀላል። ለኑሮ መሄድ ግን የአባትን ወይም የእናትን የመጠየቅ መብት በተግባር ይቆርጣል፤ ዳኛም በጥርጣሬ ያየዋል። ጥርጣሬው መሠረት አለው፦ ኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ የተወሰደ ልጅ እንዲመለስ የሚያስገድደው የ1980ው የሄግ ስምምነት አባል አይደለችም። የሄደ ልጅን ለማስመለስ የተዘጋጀ አጭር መንገድ የለም። ሦስቱን በአንድ አረፍተ ነገር አጭቆ የሚጠይቅ ሰው ሦስተኛው ሲከለከል የመጀመሪያውንም ያጣል። በሌላ በኩል ለፓስፖርቱ ብቻ የተሰጠ ትእዛዝ ለቪዛ ላይበቃ ይችላል። የሸንገን አገሮች ለምሳሌ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ የወላጆችን ፈቃድ ለብቻው ይጠይቃሉ። ጉዞው የታወቀ ከሆነ አገሩ፣ የሚወጣበትና የሚመለስበት ቀን በትእዛዙ ይካተት።

«አልፈርምም» የሚል ሰው ለምን እንዳለ መለየትም ሥራ ነው። ልጄ አይመለስም ብሎ የሚፈራ አለ። ለእርሱ መልሱ ማስረጃ ነው፦ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሚያርፍበት አድራሻ፣ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ፣ ካስፈለገም ዋስ። ቀለብ እንዲቀነስለት ፊርማውን የሚሸጥ አለ፤ ከእርሱ ጋር መደራደር አይገባም፤ የቀለብ መብት የልጁ እንጂ የእናቱ አይደለም። ሦስተኛው ደግሞ መፈረም የማይችለው ነው፣ ይህ ብዙ ጊዜ አሻፈረኝ ካለ ሰው ጋር ይደባለቃል። መኖሪያ ፈቃድ የሌለው በአረብ አገር ያለ አባት ኤምባሲ ሄዶ ለመፈረም ይፈራል፤ ፍርሃቱን በስልክ መናገር ስለማይፈልግ «አልፈርምም» ይላል።

ለመፈረም ፈቃደኛ ለሆነው የውጭ ነዋሪ መንገዱ ልዩ ውክልና ነው። ባለበት አገር የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፊት ይፈርማል፤ ሰነዱ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይመዘገባል። ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፤ የልጁ ሙሉ ስምና «ፓስፖርት ለማውጣት» የሚለው ቃል በግልጽ ይጻፍ። ለጥምቀት ወደ ጎንደር የመጣ አባት ካለ ደግሞ ይህ ሁሉ ውጣ ውረድ በአንድ ጠዋት ያልቃል፤ ጥር 11 ሳያልፍ ውልና ማስረጃ ይውሰዱት። ከበዓሉ ማግስት አውሮፕላን ላይ ነው።

በሽማግሌ ወይም በነፍስ አባት ፊት የታረቁ ሰዎች ወረቀት ጽፈው፣ ሦስት እማኝ አስፈርመው ይመጣሉ። መልካም ነገር ነው፣ መስኮቱ ላይ ግን ዋጋ የለውም። ያ ወረቀት ወይ በውልና ማስረጃ ይረጋገጥ፣ ወይ ክርክር በተከፈተበት መዝገብ ላይ ቀርቦ እንደ ዕርቅ ስምምነት ይጽደቅ። የጸደቀ ዕርቅ እንደ ፍርድ ይፈጸማል።

አድራሻው የእውነት ለጠፋ ሰው ሕጉ መንገድ አለው። መጥሪያው መጀመሪያ በመጨረሻ በሚታወቀው አድራሻ ይሞከራል፤ አለመገኘቱ በመሐላ ሲረጋገጥ በጋዜጣ እንዲጠራ ይታዘዛል። ከዚያ ካልቀረበ ነገሩ በሌለበት ይታያል። ከሁለት ምስክሩ አቋራጭ ይረዝማል፣ ነገር ግን ኋላ በቀላሉ አይፈርስም። ክረምት ላይ ፍርድ ቤቶች እረፍት ስለሚወጡ ቀጠሮው ወደ ጥቅምት እንዳይሻገር በግንቦት መጀመር ይሻላል። ለጠበቃ ገንዘብ የሌለው ሰው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ እንደሚሰጥ ይወቅ።

ትእዛዙ ከተገኘ በኋላ የሚበላሸው ነገር ትንንሽ ነው። የኢሚግሬሽኑ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ድረስ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መመለስ ያስቆጫል፣ መንገዱም እንደምታውቁት ነው። ትእዛዙ ለአገልግሎቱ በስሙ መጻፉን፣ ሸኚ ደብዳቤ መኖሩን፣ ግልባጩ በየገጹ የሬጅስትራር ማኅተም ማረፉን ከጎንደር ሳይነሱ ይዩ። የልጁ ሦስት ስም በልደት ምስክር ወረቀቱና በትእዛዙ ፊደል በፊደል ይመሳሰል። የልደት ቀን ሲተረጎምም ስሕተት ይገባል። ታኅሣሥ 22 ቀን 2009 የተወለደ ልጅ በፈረንጆች ዲሴምበር 31 ቀን 2016 ነው፤ በማግሥቱ የተወለደው ግን ጃንዋሪ 1 ቀን 2017። ሁሌ ሰባት ዓመት የሚደምር ጸሐፊ ሁለተኛውን ልጅ አንድ ዓመት ያስረጀዋል። የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ካለ፣ በአዋጅ 760/2004 ከወላጆች አንዱ ብቻውን ማስመዝገብ ይችላል፤ እዚያ ላይ ሁለት ፊርማ አያስፈልግም።

አሜሪካ ተወልደው ጎንደር አያት ዘንድ የሚያድጉ ልጆች ነገር የተለየ ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚያገለግለው 5 ዓመት ነው፤ እዚሁ እያለ ያልፍበታል። በፖስታ አይታደስም፤ ልጁና ሁለቱም ወላጆች ዲኤስ-11 የተባለውን የፓስፖርት ማመልከቻ ቅጽ ይዘው ይቀርባሉ። መቅረብ የማይችለው ወላጅ ዲኤስ-3053 በተባለው የፈቃድ መግለጫ ቅጽ ላይ በኖተሪ (ፊርማ አረጋጋጭ) ፊት ፈርሞ ከመታወቂያው የፊትና የኋላ ቅጂ ጋር ይልካል፤ ፊርማው ከ90 ቀን በላይ አይቆይም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ዲኤስ-5525 የሚሞላው ሌላኛው ወላጅ ሊገኝ ካልቻለ ወይም አስገዳጅ ሁኔታ ካለ እንጂ እምቢ ስላለ አይደለም። እምቢ ካለ መፍትሔው ብቸኛ አሳዳጊነት ወይም ፓስፖርት የማውጣት ፈቃድ የሚሰጥ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ልጁ 16 ከሞላው ግን የአንድ ወላጅ ማወቅ ይበቃል። የሚሰጋው ወላጅም በበኩሉ በልጁ ስም ማመልከቻ ሲገባ እንዲነገረው በዲኤስ-3077 መመዝገብ ይችላል።

እኛ ጋ የሚሰጋ ወላጅስ? ፍርድ ቤቱ ጊዜያዊ እግድ ሰጥቶ ለኢሚግሬሽን እንዲጻፍ ወይም የወጣው ፓስፖርት በሬጅስትራር እንዲቀመጥ መጠየቅ ይችላል። የወጣውን ፓስፖርት ቤቱ የደበቀ ወላጅ ካለ «ጠፋ» ብሎ ለፖሊስ ማመልከት አይገባም፤ የሐሰት ማመልከቻ ነው። እንዲያስረክብ ትእዛዝ ይጠየቅበት።

ይህ ሁሉ የሚመጣው የፍቺ ውሳኔዎች «ልጁ ከእናቱ ጋር ይኑር፣ አባት ቀለብ ይክፈል» ብለው ስለሚያበቁ ነው። ለዳኞች፣ ለጠበቆችና ለሽማግሌዎች ይህን አንቀጽ እንደ ናሙና እናቀርባለን፦

«አሳዳሪ የሆነው ወላጅ የልጁን ፓስፖርት ብቻውን ፈርሞ ያወጣል፣ ያሳድሳል። ልጁ ከአገር የሚወጣ ከሆነ ከ30 ቀን በፊት ለሌላኛው ወላጅ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ተቃውሞ ያለው ወላጅ በ15 ቀን ውስጥ ለዚህ ፍርድ ቤት ያቀርባል። ለኑሮ የሚደረግ ጉዞ የሁለቱን ስምምነት ወይም የፍርድ ቤት ፈቃድ ይሻል።»

ከሰላምታ ጋር
በቤተሰብ ጉዳይ ላይ የምንሠራ የሕግ ባለሙያዎች
ጎንደር