የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ከሼክስፒር አይጀምርም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። እንዲህ ዓይነት ነገር በአማርኛ ማግኘት ብርቅ ነውና እጃችሁ ይባረክ። ግን ጽሑፉ ከሼክስፒር ተነስቶ፣ እንግሊዝኛ ድሮውንም ታላቅ ቋንቋ ስለነበር ታላላቅ ደራሲዎች አፈራ በሚል መንፈስ ነው የሚሄደው። እኔ እዚህ ጅማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ይሄ አነጋገር ተማሪዎቼን ምን እንደሚያደርጋቸው በየቀኑ ስለማይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ልጆቹ እንግሊዝኛ ከተፈጠረ ጀምሮ የትልቅ ሰው ቋንቋ የነበረ ይመስላቸዋል። ቤት አፋን ኦሮሞ፣ ሰፈር አማርኛ፣ አንዳንዱ ደግሞ ዳውሮኛ ይናገራል። ክፍል ሲገባ ግን የራሱን ቋንቋ ለጨዋታና ለገበያ ይተወዋል፤ ቁም ነገር የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው ብሎ ያምናል። ታሪኩ ከሥሩ ቢነገራቸው እንዲህ አያስቡም ነበር።

እስቲ ከሥሩ እንየው። ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

ቤዎልፍ የሚባለው፣ በጥንታዊ እንግሊዝኛ የተገጠመው የጀግና ግጥም ከ3,000 በላይ ስንኝ አለው። ለእኛ የደረሰው በአንድ ብራና ብቻ ነው፤ የተጻፈውም 1000 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በ1731 ብራናው የተቀመጠበት ቤት ተቃጠለና ጠርዝ ጠርዙ ከሰለ። ለጥቂት ተረፈ። ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ነው ያለው። የገዳሞቻችን መጻሕፍት ስንት ቃጠሎና ዘረፋ እንዳለፉ ለሚያውቅ አንባቢ ይሄ ባዕድ ታሪክ አይደለም።

ከዚያ 1066 መጣ። የኖርማንዲው ዊልያም እንግሊዝን ወረረ። ቤተ መንግሥቱ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆነ፣ ቤተ ክህነቱና ሊቃውንቱ በላቲን ይጽፋሉ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ የገበሬና የሎሌ ቋንቋ ሆኖ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቆየ። ፍርድ ቤት ሙግት በእንግሊዝኛ ይካሄድ የሚል ሕግ የወጣው በ1362 ነው። በገዛ አገሩ! ልጆቹ ይሄን ሲሰሙ መጀመሪያ አያምኑም። በዚያው በ14ኛው ክፍለ ዘመን እኛም ዘንድ ሊቃውንቱ በግዕዝ እየጻፉ ሳለ ለዓፄ ዓምደ ጽዮን በአማርኛ ይገጠም ነበር፤ ግጥሙም ዛሬ ድረስ አለ።

አሁን ወደምወደው ሰው ልምጣ። የ14ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚ ጄፍሪ ቾሰር የለንደን ወደብ የሱፍ ቀረጥ ተቆጣጣሪ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ማለት ነው። ፈረንሳይኛ ያውቃል፣ ላቲን ያውቃል፣ ለሥራ ጣሊያን ድረስ ተልኮ ሄዷል። ልጻፍ ሲል ግን ሰፈሩ የሚያወራበትን እንግሊዝኛ መረጠ። የካንተርበሪ ተረቶች የሚባለው ትልቁ ሥራው የሚጀምረው አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነው። ልክ እኛ ቁልቢ እንደምንሄደው ካንተርበሪ ወዳለው የቅዱስ ቶማስ ቤኬት መቃብር የሚጓዙ ሰዎች እዚያ ይገናኛሉ። ባላባት አለ፣ ባለ ወፍጮ አለ፣ አምስት ጊዜ ያገባች ምላሰኛ ሴት አለች። መንገዱ እንዳይረዝምባቸው ተራ በተራ ተረት ያወራሉ፤ የበለጠው እራት ይጋበዛል። ቾሰር በ1400 ሞተና ሥራው ሳያልቅ ቀረ፤ ያሉት ተረቶች 24 ናቸው።

ከተጓዦቹ አንዱ የኃጢአት ስርየት ወረቀት የሚሸጥ ሰውዬ ነው። ቦርሳው ውስጥ የትራስ ጨርቅ ይዞ የእመቤታችን መሸፈኛ ነው ይላል። በብርጭቆ ዕቃ የአሳማ አጥንት ይዞ የቅዱሳን አጽም ነው ይላል። የገጠሩ ድሃ ቄስ በሁለት ወር የማያገኘውን ገንዘብ በአንድ ቀን ሰብስቦ ይሄዳል። ይሄን ክፍል ውስጥ በአማርኛ ሳወራላቸው ከኋላ ወንበር አንዱ፣ “ቲቸር፣ እኔ ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ!” ብሎ ጮኸ። መናኸሪያ በር ላይ በድምፅ ማጉያ ለሁሉም በሽታ አንድ መድኃኒት የሚሸጠውን ማለቱ ነው። ክፍሉ ተናወጠ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ቾሰር የፈረንጅ ደራሲ መሆኑ ቀረ። ከጅማ አጋሮ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ያሉ ተሳፋሪዎችን እንደ እሱ ጻፉ፣ በፈለጋችሁት ቋንቋ አልኳቸው። አንዷ ልጅ ስለ ቡና ደላላ ጻፈች። ሰውዬው እጁን ጆንያው ውስጥ እስከ ክንዱ ይሰዳል፣ ፍሬውን ሳያይ በጣቱ ያሸዋል፣ ከዚያ ያወጣና ያሸተዋል፤ ባለ ቡናው ሽማግሌ ደግሞ ዓይኑን ከዚያ እጅ ላይ አይነቅልም። ስለ ባህርይ አሳሳል ስንት ገጽ ኖት ብሰጣት ይሄን አትጽፍልኝም ነበር።

በ1476 ዊልያም ካክስተን ዌስትሚንስተር ላይ ማተሚያ ቤት ከፈተ፤ መጀመሪያ ካተማቸው መጻሕፍት አንዱ ይኸው የቾሰር ሥራ ነው። ዊልያም ቲንዴል ሐዲስ ኪዳንን በእንግሊዝኛ አሳትሞ በ1526 ወደ አገሩ አስገባ። በ1536 መናፍቅ ነው ብለው አንቀው ገደሉት፣ አስከሬኑንም አቃጠሉት። በ1611 በንጉሥ ጄምስ ትእዛዝ የወጣው መጽሐፍ ቅዱስ ግን የእሱን ቃላት በብዛት ይዟል። እዚህ ላይ ኦነሲሞስ ነሲብንና አስቴር ገኖን ሳላነሳ አላልፍም። መጽሐፍ ቅዱስ በአፋን ኦሮሞ በ1899 የታተመው በእነሱ ድካም ነው። አስቴር ሊሙ እናርያ ውስጥ በባርነት የኖረች ሴት ነበረች፤ ነፃ ከወጣች በኋላ የኦሮሞን ተረትና ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን በጽሑፍ አስቀረች። ሊሙ እኮ እዚሁ አጠገባችን ነው! ተማሪዎቼ ቲንዴልን ከእሷ ጋር ሲማሩት ሌላ ትምህርት ይሆናል።

ስለ ሼክስፒር ብዙ ስላላችሁ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1623፣ የትወና ጓደኞቹ 36 ተውኔቶቹን ሰብስበው ባያሳትሙ ኖሮ ማክቤዝን ጨምሮ ግማሾቹ ሊጠፉ ይችሉ ነበር። ኦቴሎንና ሐምሌትን ደግሞ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአማርኛ ሰጥቶናል።

ጽሑፋችሁ ውስጥ በጣም የቆጨኝ እኛው ራሳችን አለመኖራችን ነው። ዓይነ ስውሩ ጆን ሚልተን በቃሉ እየተናገረ ባስጻፈው፣ በ1667 በታተመው የገነት መጥፋት ግጥሙ፣ የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስቀምጡበትን አምባ ያነሳል። ሳሙኤል ጆንሰን ገና ወጣት ሳለ የፖርቱጋላዊውን የአባ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 አሳተመ። በ1759 እናቱ ሲሞቱ ለቀብር ወጪ ገንዘብ ቸገረው። በአንድ ሳምንት ምሽቶች ቁጭ ብሎ የሐበሻውን ልዑል የራስላስን ታሪክ ጻፈ። ልዑሉ ሁሉ ነገር በሞላበት፣ በተራራ በታጠረ ሸለቆ ውስጥ ይኖራል፤ ምንም ሳይጎድለው ይሰለቸዋል። ከእህቱና ኢምላክ ከሚባል ገጣሚ ጋር አምልጦ፣ ሰው ምን ሆኖ ነው ደስ ብሎት የሚኖረው እያለ ካይሮ ድረስ ይሄዳል። ጆንሰን አገራችንን ረግጦ አያውቅም። መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ በአማርኛ ተርጉመውታል፤ የተማረ ሰው እንኳ ይሄን ሲሰማ ይገረማል።

ሌላው ቅር ያለኝ የሴቶቹ ነገር ነው። አንዲት ሴት እንኳ አልጠቀሳችሁም። ጄን ኦስተን በ1811 የመጀመሪያ ልብ ወለዷን ስታሳትም በስሟ ቦታ “በአንዲት እመቤት” ተብሎ ነው የወጣው። የብሮንቴ እህትማማቾች የወንድ በሚመስል የብዕር ስም ጻፉ፤ ጆርጅ ኤልየትም ሴት ናት። ያለ እነሱ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልብ ወለድ ግማሽ ጎኑ የለም። የዚያው ዘመን ደራሲ የሆነውን ቻርልስ ዲክንስን ማንሳታችሁ ጥሩ ነው። አባቱ በዕዳ ታስረው በ12 ዓመቱ የጫማ ቀለም ፋብሪካ መሥራቱን ብትጨምሩ ኖሮ ግን ስለ ድሃ ልጆች ለምን እንደዚያ እንደጻፈ አንባቢው ይገባው ነበር።

ወደ ዘመናችን ስትደርሱ ደግሞ ለንደን ላይ ቆማችሁ ቀራችሁ። ከ1958 ወዲህ፣ ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ በእንግሊዝኛ ከጻፈው “Things Fall Apart” ከሚባለው ልብ ወለድ በኋላ፣ ታሪኩ የእንግሊዞች ብቻ አይደለም። ናይጄሪያዊው ሾይንካ በ1986፣ የዛንዚባሩ ጉርና በ2021 የሥነ ጽሑፍ ኖቤል አግኝተዋል። ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ደግሞ በእንግሊዝኛ ስሙን ከተከለ በኋላ ወደ እናቱ ቋንቋ ወደ ጊኩዩ ተመለሰ። የእኛው ዳኛቸው ወርቁ አደፍርስን በአማርኛ ጽፎ በእንግሊዝኛም ልብ ወለድ አሳትሟል።

ስለዚህ ልለምናችሁ። ይሄን ታሪክ በየሳምንቱ በተከታታይ አውጡት። አንድ ሳምንት አንድ ደራሲ ይበቃል። ከሥራው ጥቂት ቀንጭቡ፣ አንባቢው ራሱ ይቅመሰው። የሲራክን ትርጉም የሚያሳትም ካለም ጥሪ አድርጉለት፤ እኛ ጋ ፈልጌ ላገኘው አልቻልኩም። የመጀመሪያው ቾሰር ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ቦታ ካላችሁ የተማሪዎቼን የሚኒባስ ታሪኮች አብሬ እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ከጅማ