«ደርሷል» የተባለው ዕቃ የደረሰው ማን ቤት ነው?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በኢንተርኔት ግብይት ስለሚፈጸም ማጭበርበር ባለፈው እትማችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ስለ ሐሰተኛ የሽያጭ ገጾችና ስለ ካርድ ቁጥር ስርቆት የሰጣችሁት ማስጠንቀቂያ የሚጠቅም ነው። ይሁንና እዚህ አሜሪካ የወገኖቻችንን ገንዘብ እየበላ ያለ አንድ ዘዴ ሳይነሳ ቀርቷል። በዚህ ዘዴ ሻጩ «አልላክሁም» አይልም። ይልካል፤ የላከበትን ማስረጃም ያቀርባል። የላከው ግን ወደ ገዢው ቤት ሳይሆን በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዚፕ ኮድ (የአካባቢው የፖስታ ቁጥር) ወደሚኖር ሌላ ሰው ቤት ነው። የላከውም የተገዛውን ዕቃ ሳይሆን ባዶ ፖስታ ወይም ዋጋ የሌለው ትንሽ ነገር ነው። ገዢው አቤት ሲል የሚሰጠው መልስ አንድ ብቻ ነው፦ «ዕቃው ደርሷል።»

ይህን በቅርብ ያየሁት በምንኖርበት ሕንጻ ባሉ አንዲት እናት ላይ ሲደርስ ነው። እኒህ እናት ልብስ ስፌት ያውቃሉ። የሰፈሩን ሴቶች የአበሻ ቀሚስ ያሳጥራሉ፣ ያጠባሉ፣ የተተረተረ ጥልፍ ይመልሳሉ። የቆየችው የስፌት መኪናቸው ስትበላሽባቸው በስልካቸው ላይ አንድ ማስታወቂያ አዩ፤ አዲስ የስፌት መኪና በ139 ዶላር። ዘመድ ረድቷቸው አዘዙ፣ ከፈሉም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የመከታተያ ቁጥሩ ሲታይ እንዲህ ይላል፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፤ ደርሷል፤ በፖስታ ሳጥን ውስጥ ወይም አጠገብ ተቀምጧል።

የሕንጻችን የፖስታ ሳጥኖች መግቢያው ላይ በግድግዳ የተደረደሩ ጠባብ የብረት ሳጥኖች ናቸው። የስፌት መኪና ይቅርና አንድ ኪሎ በርበሬ የያዘ ከረጢት በቅጡ አያስገቡም። ይህን ፎቶ አንስተን፣ ጽፈን፣ ክፍያውን ላስተላለፈው ድርጅት ላክን። የድርጅቱ መልስ ባጭሩ ይህ ነበር፦ ሻጩ ያቀረበው መረጃ ዕቃው እርስዎ በሚኖሩበት ከተማና ዚፕ ኮድ መድረሱን ስለሚያሳይ ጉዳዩ ተዘግቷል። ደብዳቤውን በአማርኛ ሳነብላቸው እኒያ እናት ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገባቸው ሌላ ነገር ነበር። «ልጄ፣ እኔ ዘንድ ሳይመጣ መጥቷል ካሉ፣ ውሸታም ነሽ ማለታቸው አይደለም ወይ?» አሉኝ።

አዎ፣ ማለታቸው ነው። በዚህ ዘዴ የሚጎዳ ሰው ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ መጀመሪያ ገንዘቡን ይወስዱበታል፣ ቀጥሎ ቃሉን ያረክሱበታል። እንግሊዝኛ እንደ ልባቸው የማይጽፉ ሰዎች ደግሞ ከመጀመሪያው «ተዘግቷል» በኋላ ተስፋ ቆርጠው ዝም ይላሉ።

ዘዴው የሚሠራበት ምክንያት የረቀቀ አይደለም። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት የመከታተያ ገጽ ለሁሉም የሚያሳየው ከተማውን፣ ግዛቱንና ዚፕ ኮዱን ነው እንጂ የመንገዱን ስምና የቤቱን ቁጥር አይደለም። ይህም የተቀባዩን ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል የተደረገ ስለሆነ ተገቢ ነው። ጥፋቱ ያለው የክፍያ ድርጅቶችና የሽያጭ መድረኮች ይህንኑ ጎደሎ መረጃ እንደ ሙሉ ማስረጃ መቀበላቸው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተጀመረው ዚፕ ኮድ ፖስታን በየአካባቢው ለመለየት የወጣ ቁጥር ነው። በአንድ ዚፕ ኮድ ሥር በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሊኖር ይችላል። ያ ሁሉ ሕዝብ የሚጋራው ቁጥር አንዲት ሴት ዕቃዋን ተቀብላለች ለማለት እንዴት ይበቃል?

የክፍያ ድርጅቱ ፔይፓልም ሆነ የሽያጭ መድረኩ ኢቤይ ዋጋው 750 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ሽያጭ ሻጩ የተቀባይ ፊርማ እንዲያቀርብ ይጠይቃሉ። ከዚያ በታች ላለው ግን ፊርማ ግዴታ አይደለም። እኒህን እናት ያታለለው ሻጭም ከዚህ መጠን በጣም በታች ባለ ዋጋ ነው የሸጠው። ለሀብታም ትንሽ የሚመስለው ይህ ገንዘብ በሰዓት ደመወዝ ለሚኖር ሰው የቀናት ላብ ነው። ጥበቃው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ደግሞ እዚህ ነበር።

ሻጮችም የራሳቸው ስጋት እንዳላቸው አልክድም። ዕቃቸውን በትክክል ተረክቦ «አልደረሰኝም» የሚል ገዢ አለ፤ ለዚህም ነው የመከታተያ ቁጥር ማስረጃ ሆኖ የገባው። ካርዱ የተመዘገበበት አድራሻና የመላኪያው አድራሻ ካልተመሳሰለ ትእዛዝ የሚሰርዙ ሻጮችም ያሉት ከዚሁ ፍርሃት የተነሳ ነው። ይህ መፍትሔ ግን ለእኛ ሰው አይሆንም። እኛ ዕቃ ወደ ሌላ ሰው አድራሻ የምናስልክ ሕዝብ ነን። ዱባይ ያለ ወንድም ቨርጂኒያ ለምትወልድ እህቱ የሕፃን አልጋ ያዝዛል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ከተገኘ ጫማውንም መድኃኒቱንም ሻንጣው እንዲገባ በቀጥታ መንገደኛው ቤት እናስልካለን። በዚህ ውስጥ ምንም ጥፋት የለም፤ አድራሻውን የመረጠው ገዢው ነውና። መመሳሰል ያለበት ዕቃው የደረሰበት ቤትና ገዢው በትእዛዙ ላይ የጻፈው ቤት ነው። ከዚህ ውጭ ሌላ መመዘኛ አያስፈልግም።

ወደ ፖስታ ቤት የሄድነው ከዚያ በኋላ ነው። የመስኮቱ ሠራተኛ ቁጥሩን ኮምፒውተር ውስጥ ሲያስገባው እኛ ስልካችን ላይ የማናየውን አየ። የእሽጉ ክብደት ጥቂት አውንስ፣ ማለትም ከስፌት መኪና እጅግ የቀለለ ነበር። የደረሰበትም መንገድ የእኒያ እናት መንገድ አልነበረም። የማን ቤት እንደሆነ ሊነግረን አልቻለም፤ አልጠየቅነውምም። አለቃው ግን በዚህ ቁጥር የተላከው እሽግ ወደ እርሳቸው አድራሻ እንዳልተላከ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ፈርሞ ሰጠን። ፖስተኛው እሽግ ሲያደርስ መሣሪያው ያለበትን ቦታ ይመዘግባል። ስለዚህ እውነቱ ተመዝግቦ ተቀምጧል ማለት ነው። የጠፋው የሚጠይቅ ነው።

ከዚህ ተነስቼ የምለው ግልጽ ነው። ገዢ «አልደረሰኝም» ሲል የክፍያ ድርጅቱ የፖስታ አገልግሎቱን አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፦ እሽጉ የሄደው በትእዛዙ ላይ ወደተጻፈው አድራሻ ነው ወይስ አይደለም? መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ከሆነ የሌላ ሰው አድራሻ ለማንም አይገለጥም፣ የማንም ምስጢር አይወጣም። ይህ እስኪሆን ድረስ ደግሞ ሻጩ ሙሉ አድራሻው የሚታይበትን የመላኪያ ወረቀት ያቅርብ። በሐቅ የሚሠራ ነጋዴ ይህን ለማቅረብ አይቸገርም።

ሕጉም ቢሆን ከገዢው ጎን ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሒሳብ ስህተቶችን የሚመለከተው የፌዴራል ሕግ በስምምነቱ መሠረት ያልደረሰን ዕቃ እንደ ሒሳብ ስህተት ይቆጥረዋል። ሌላ ሰው ቤት የገባ ፖስታ በየትኛውም ስምምነት መሠረት ደረሰ አይባልም። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር የክፍያ ድርጅቱ «ተዘግቷል» ቢልም ይህ መብት አለመዘጋቱን ነው። ክፍያው የተፈጸመው በክሬዲት ካርድ ከሆነ ካርዱን ለሰጠው ባንክ በቀጥታ ማመልከት ይቻላል። ማመልከቻው በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ክፍያው የታየበት የመጀመሪያው የሒሳብ መግለጫ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ባንኩ ዘንድ መድረስ ይኖርበታል። ባንኩ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻውን መቀበሉን ያሳውቃል፤ ቢበዛ በ90 ቀን ውስጥ ውሳኔ ይሰጣል፤ እስከዚያው ገዢው የሚከራከርበትን ገንዘብ እንዲከፍል አይገደድም። ገንዘቡን በቀጥታ ከራስ የባንክ ሒሳብ የሚቆርጠው ዴቢት ካርድ ግን ይህ የሕግ ጥበቃ የለውም። አብዛኞቹ አዛውንቶቻችን የሚጠቀሙት ደግሞ ዴቢት ካርድ መሆኑ ያሳዝነኛል። ልጆቻቸው ይህን ልዩነት ቁጭ ብለው ቢያስረዷቸው ትልቅ ነገር ነው።

ከ2023 ሰኔ ወር ጀምሮ የሚሠራ ሌላ ሕግም አለ። በዓመት ውስጥ ቢያንስ 200 ሽያጭና 5,000 ዶላር ገቢ ያላቸውን ሻጮች ማንነት የሽያጭ መድረኮች እንዲያጣሩ ያስገድዳል። መልካም ሕግ ነው። ሆኖም ብዙ ሻጮችን የሚያስተናግዱ መድረኮችን እንጂ ራሱን ችሎ ለጥቂት ሳምንት ተከፍቶ የሚጠፋ ገጽን አይመለከትም። የስፌት መኪናው ማስታወቂያ የመጣው ከእንደዚያ ዓይነት ገጽ ነው። አሁን ብትፈልጉት የለም።

አሁን ደግሞ አንባቢዎቻችሁን ሁሉ የሚመለከት ነገር ላንሳ። ያላዘዛችሁት ቀጭን ፖስታ ደጃፋችሁ ላይ አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? ውስጡ የፕላስቲክ ቀለበት፣ አንድ ጨርቅ፣ ወይም ጭራሽ ምንም የሌለው? በ2020 በጋ በመላው አሜሪካ ሰዎች ያላዘዙት የአትክልት ዘር ሲደርሳቸው የግብርና ሚኒስቴሩ ጉዳዩ በተቀባዮቹ ስም ሻጩን የሚያወድስ ሐሰተኛ የገዢ አስተያየት ለመጻፍ የሚደረግ ማጭበርበር እንደሚመስል ገልጾ ነበር። ቀጭኑ ፖስታ ሌላም ሊሆን ይችላል። ከሦስት መንገድ ወዲያ የሚኖር ሰው የከፈለበት የስፌት መኪና «ደርሷል» የተባለበት ማስረጃ እናንተ ቤት ያለው ያ ፖስታ ሊሆን ይችላል። ወንጀሉ ሁለት ቤት ተከፍሎ ነው የሚፈጸመው፤ አንደኛው ቤት ገንዘብ ይጠፋል፣ ሌላኛው ቤት ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ማስረጃው ይጣላል። ሁለቱ ቤቶች አይተዋወቁም። አጭበርባሪው የተማመነውም በዚህ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ አትጣሉት። ስማችሁ ያለበት ከሆነ በሕግ የእናንተ ነው፤ ያላዘዛችሁትን ዕቃ ክፈሉ ሊላችሁ የሚችል የለም። ግን በላዩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ከነመከታተያ ቁጥሩ ፎቶ አንሱትና ለፖስታ ምርመራ አገልግሎት አመልክቱ። የማታውቁት ሰው ስም ከተጻፈበት ሳትከፍቱ ለፖስተኛው መልሱለት። በተጨማሪም የፖስታ አገልግሎቱ ወደ ቤታችሁ የሚመጣውን ደብዳቤና እሽግ አስቀድሞ በኢሜይል የሚያሳውቅበት ነጻ አገልግሎት አለው። አንድ እሽግ «ደርሷል» ተብሎ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ካልታየ ይህ ራሱ ለክርክር የሚረዳ ወረቀት ነው። እኒያ እናት ቢመዘገቡ ኖሮ ድካማችን በግማሽ ይቀንስ ነበር።

አቤቱታ የሚቀርብባቸው ሌሎች ቦታዎችም አሉ። የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ስለ ማጭበርበር በአማርኛ የተዘጋጀ መረጃ አለው። የሜሪላንድ ዋና ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል ገዢና ሻጭን ያለ ክፍያ ያሸማግላል። ሻጩ በሌለበት ምን ሽምግልና አለ የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን የክፍያ ድርጅቱ አለ፤ ቢሮም አድራሻም አለው፤ ሊጠየቅም ይችላል። ትኩረታችን መሆን ያለበትም እርሱ ላይ ነው። ነገ ስሙን ቀይሮ የሚመጣውን ሻጭ ከማሳደድ፣ ዛሬ በጎደሎ ማስረጃ የሚፈርደውን ድርጅት አሠራሩን እንዲያስተካክል መጠየቅ ይሻላል።

ከእናንተ ከአዘጋጆቹ የምጠይቀው፣ ጋዜጣችሁ ይህን ጥያቄ ለክፍያ ድርጅቶቹ በጽሑፍ አቅርቦ የሚሰጡትን መልስ ለአንባቢ እንዲያወጣ ነው። አንድ ሰው በግሉ ሲጽፍ የሚመጣው መልስ የተዘጋጀ ቅጽ ነው፤ ጋዜጣ ሲጠይቅ ግን ሰው ይመልሳል። ለባንክ የሚጻፈውን የማመልከቻ ደብዳቤ ናሙና በእንግሊዝኛ ከነአማርኛ ትርጉሙ ብታትሙልን ደግሞ አዛውንቶቻችን ቆርጠው ያስቀምጡታል። እኔ ያዘጋጀሁት አለ፤ ከፈለጋችሁት እልክላችኋለሁ።

እኒያ እናት ከፖስታ ቤቱ የተሰጠንን ደብዳቤ፣ የሳጥኑን ፎቶና ከማስታወቂያው የተረፈውን አያይዘው ካርዱን ለሰጣቸው ባንክ አመልክተዋል። ባንኩ ማመልከቻው እንደደረሰው አሳውቋል፤ ውሳኔውን እየጠበቅን ነው። ሲመጣ ምንም ይሁን ምን ለጋዜጣችሁ እጽፋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ