ስልካችሁን ቤታችሁ ሆናችሁ አፕዴት አድርጉት

ይድረስ ለውድ ደንበኞቻችን፣

ጉዳዩ፦ የስልክ አፕዴትን (የስልክ ሲስተም ማደስን) ይመለከታል

ጤና ይስጥልን።

እስካሁን «ስልኬን አፕዴት አድርጉልኝ» ብሎ ወደ ጥገና ሱቃችን ለሚመጣ ሰው የአገልግሎት ክፍያ እንጠይቅ ነበር። ከዚህ ደብዳቤ ጀምሮ አንጠይቅም። ሥራው የእናንተ ነው፤ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ትጨርሱታላችሁ። እንዴት እንደሆነ እንንገራችሁ። መጀመሪያ ግን ይህን ለመጻፍ ያስነሳንን ነገር ስሙ።

ሰሞኑን አንድ የቆየ ደንበኛችን ጋላክሲ ኤ51 ይዞ መጣ። የባንክ አፑ አልከፍት ብሎታል። እኛ ጋ ከመምጣቱ በፊት ሌላ ቦታ አሳይቶት «ሶፍትዌር ይጫንበት» ተብሎ ከፍሏል። የተደረገለት ግን ፎርማት ነው። የልጁ የክርስትና ፎቶዎች በሙሉ ጠፉ፤ አፑም ያው አልከፍት አለ። ስልኩን ተቀብለን አየነው። አንድሮይድ የሚባለው የስልኩ ሲስተም ሲገዛ ከነበረበት ከ10 ንቅንቅ አላለም። ፎርማት ስልኩን ባዶ ያደርገዋል እንጂ አያድሰውም። ዋይፋይ ላይ አድርገን አፕዴት ፈለግን፤ 11 መጣ። እሱ ሲያልቅ 12፣ ከዚያ 13። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይመጣምና ግማሽ ቀን ፈጀ። ማታ አፑ ተከፈተ። ፎቶዎቹን ግን መመለስ አልቻልንም። ያ ሁሉ አፕዴት በነፃ፣ ከአምራቹ ተልኮለት፣ ሴቲንግ ውስጥ ለዓመታት ሲጠብቀው ነበር። ይህ ነገር አንገበገበን።

ብዙ ሰው አፕዴት ማለት የመልክ ለውጥ ይመስለዋል። የአይኮን ቅርጽ ይቀየራል፣ አዲስ ኢሞጂ ይመጣል፣ በቃ። ዋናው ቁም ነገር ግን የማይታየው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድሮይድ ላይ «ስቴጅፍራይት» የተባለ ቀዳዳ ተገኘ። ስልክ ቁጥራችሁን ብቻ የሚያውቅ ሰው በኤምኤምኤስ (ፎቶና ቪዲዮ በሚይዝ የስልክ መልእክት) ቪዲዮ ልኮ ስልካችሁ ውስጥ መግባት ይችል ነበር። አንዳንድ ስልኮች ላይ ባለቤቱ መልእክቱን መክፈት እንኳ አያስፈልገውም። ጎግል በየወሩ የደህንነት ማስተካከያ ማውጣት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አይፎንም ከዚህ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2023 አፕል አይኦኤስ (የአይፎን ሲስተም) 16.6.1ን በአስቸኳይ ያወጣው ባለቤቱ ምንም ሳይነካ በመልእክት በሚላክ ነገር ስልኩ ውስጥ ሰብሮ የሚገባበት መንገድ ስለተገኘ ነው። ዛሬ ደግሞ ስልካችን ውስጥ ቴሌብር አለ፣ የባንክ አፕ አለ፣ የመታወቂያችን ፎቶ አለ። የቤታችሁ ቁልፍ ተበላሽቶ ሠሪው በነፃ አዲስ ቁልፍ ቢልክላችሁ እደጅ ጥላችሁት አትገቡም።

አሁን ወደ ስልኩ እንሂድ። ሴቲንግን ክፈቱ፤ ስልካችሁ በአማርኛ ከሆነ «ቅንብሮች» ይላል። ሳምሰንግ ከሆነ ወደ ታች ውረዱ፣ «ሶፍትዌር አፕዴት» የሚል ታገኛላችሁ፤ እሱን ነክታችሁ «ዳውንሎድ ኤንድ ኢንስቶል» በሉ። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና ፒክስል ላይ ብዙውን ጊዜ «ሲስተም» ውስጥ ገብታችሁ «ሲስተም አፕዴት» የሚለውን ነው። ሬድሚ ላይ «አባውት ፎን» ውስጥ ነው፤ የሲስተሙን ስም የያዘውን ሳጥን ስትነኩት ይፈልጋል። አይፎን ላይ «ጀነራል»፣ ከዚያ «ሶፍትዌር አፕዴት»። ቦታው ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ ካጣችሁት ሴቲንግ ላይ ባለው መፈለጊያ «አፕዴት» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ ራሱ ያወጣላችኋል።

አንድሮይድ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። «አባውት ፎን» ውስጥ የአንድሮይዱን ቁጥር፣ ሳምሰንግ ላይ ደግሞ «ሶፍትዌር ኢንፎርሜሽን» የሚለውን ስትነኩ «ሴኪዩሪቲ አፕዴት» ከሚል ቃል ጋር አንድ ቀን ተጽፏል። እኛ ስልክ ስንቀበል መጀመሪያ የምናየው እሱን ነው። የአንድሮይዱ ቁጥር ትልቅ ሆኖ ይህ ቀን የሁለት ዓመት ከሆነ ስልኩ ለሁለት ዓመት ያህል ማስተካከያ አላገኘም ማለት ነው። ያገለገለ ስልክ ስትገዙም ከካሜራው በፊት ይህን ቀን እዩ።

ከመጀመራችሁ በፊት የምትዘጋጁባቸው ነገሮች አሉ። ባትሪው ከግማሽ በላይ ይሁን፤ ከተቻለ ቻርጅ ላይ ይሰካ። ዋይፋይ ተጠቀሙ። ወርሃዊው ማስተካከያ አነስ ይላል፤ ሙሉ አዲስ ቨርዥን (ለምሳሌ ከ11 ወደ 12) ግን ሁለት ሦስት ጊጋ ሊደርስ ይችላል፤ በሞባይል ዳታ ከሆነ ፓኬጃችሁን ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል። ዋይፋይ ከሌላችሁ የሌሊት ፓኬጅ ገዝታችሁ ዳውንሎዱን ያኔ ልቀቁት። ፎቶና ኮንታክታችሁን ጎግል ወይም አይክላውድ ላይ፣ አለበለዚያም ኮምፒውተር ላይ ገልብጡ። አፕዴት ፎቶ አያጠፋም። ሆኖም መሀል ላይ የሚበላሽ ስልክ አልፎ አልፎ ያጋጥማልና ባክአፕ ሳትይዙ አትጀምሩ።

ቦታ የለም ካላችሁ ፎቶ ለመሰረዝ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ቴሌግራምን እዩት። ከየቻናሉ ያያችሁት ቪዲዮ ሁሉ ስልካችሁ ላይ ይከማቻል። ቴሌግራም ውስጥ ሴቲንግ፣ ከዚያ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ»፣ ከዚያ «ስቶሬጅ ዩሴጅ» ገብታችሁ ካሹን (የተከማቸውን ፋይል) አጽዱ። የቴሌግራም ፋይል ሰርቨሩ (የኩባንያው ኮምፒውተር) ላይ ስለሚቀመጥ ስትፈልጉት መልሳችሁ ታወርዱታላችሁ። ባለፈው ወር አንዲት ተማሪ ስልኳ ላይ አሥራ አንድ ጊጋ እንዲሁ ነፃ አወጣን። አንድም የራሷን ፎቶ አልነካንም።

አሁን የምንነግራችሁን እባካችሁ አትዝለሉት። አፕዴት ሲያልቅ ስልኩ ጠፍቶ ይነሳል። ጠፍቶ የተነሳ ስልክ በጣት አሻራ ወይም በፊት አይከፈትም፤ መጀመሪያ ፒኑን ወይም ፓተርኑን ይጠይቃል። አንዲት እናት ልጃቸው ከውጭ የላከላቸውን ስልክ ይዘው መጡ።

«እማማ፣ የሚስጥር ቁጥሩ ስንት ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄው ልጄ! ጣቴን ነው የማስነካው።»

ቁጥሩን የሞላው ልጃቸው ነው፤ ያለበት አገር ደግሞ ሌሊት ነው። እስኪነጋለት እኛ ጋ ቡና እየጠጡ ቆዩ። ደግነቱ ልጁ አልረሳውም። ቢረሳው ኖሮ ያለው መንገድ ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ መሰረዝ ነበር፤ ከዚያም የጎግል አካውንቱን ፓስወርድ ይጠይቃል፤ እሱንም የሚያውቀው ልጁ ነው። ስለዚህ አፕዴት ከመጀመራችሁ በፊት ስልኩን ሳታጠፉ ስክሪኑን ብቻ ቆልፉና በጣት ሳይሆን በፒኑ ክፈቱት። ከከፈታችሁት ቀጥሉ። የእናትና አባታችሁን ስልክ የምትሞሉ ልጆችም ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት ውስጥ የሚታመን ቦታ አስቀምጡላቸው።

«መብራት ቢጠፋስ?» ትሉናላችሁ። ስልኩ የራሱ ባትሪ አለው፤ ምንም አይሆንም። የሚጠፋው ዋይፋዩ ነው። ዳውንሎዱ ባለበት ቆሞ መብራት ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ካቆመበት ይቀጥላል። ዳውንሎድ አልቆ ጭነት ከጀመረ ደግሞ ኢንተርኔትም አያስፈልገውም ማለት ይቻላል። ከአንድሮይድ 7 ወዲህ በብዙ ስልኮች ላይ ለሲስተሙ ሁለት ቦታ አለው። በአንዱ እናንተ እየሠራችሁ አዲሱ ሌላኛው ላይ ይጫናል፤ ሪስታርት ስታደርጉት ይሻገራል። አዲሱ አልነሳ ካለ ወደ ድሮው ይመለሳል። ይህ የሌላቸው ስልኮች ጥቁር ስክሪን ላይ መስመር እያሳዩ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ሊቆዩ ይችላሉ። ያን ጊዜ ቆመ ብላችሁ የማጥፊያውን ቁልፍ እንዳትጫኑ። በአፕዴት ተበላሽተው ከሚመጡልን ስልኮች አብዛኞቹ ባለቤቱ መታገስ አቅቶት መሀል ላይ ያጠፋቸው ናቸው።

አፕዴት እያለ አልመጣ ካላችሁ ቀኑን ተመልከቱ። ይህ የእኛ አገር ልዩ ችግር ነው። የሀበሻውን ዘመን ለማየት ብሎ ዓመቱን በእጁ የሚቀይር ሰው አለ። ያን ጊዜ ስልኩ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስለዋል፤ ከሰርቨሩ ጋር በደህና መገናኘት ያቅተዋል። አፕዴቱ ብቻ ሳይሆን ብዙ አፕና ዌብሳይትም እምቢ ይላል። «ዴት ኤንድ ታይም» ውስጥ አውቶማቲክ የሚለውን አብሩት። የሀበሻ ቀን መቁጠሪያ ከፈለጋችሁ ለብቻው አፕ አለው።

ከአሜሪካ የመጣ ሳምሰንግ የያዛችሁም ተቸግራችኋል፤ እናውቃለን። የአንዳንድ የአሜሪካ ኔትወርኮች ስልክ አፕዴት የሚወርድለት በዚያው ኔትወርክ ሲም ነው። እዚህ ሲም ላይ «አፕ ቱ ዴት» (አዲስ አፕዴት የለም) እያለ ዝም ብሎ ይቀመጣል። እንዲህ ያለውን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተን ስለምንሞክር አምጡት። አይፎን ይህ ችግር የለበትም፤ አፕዴቱ በቀጥታ ከአፕል ይመጣል።

ሲሙ ሥር ቺፕ አድርጋችሁ የምትጠቀሙ የአይፎን ባለቤቶች ግን ቆም በሉ። ያ ስልክ ለሌላ ኔትወርክ የተቆለፈ ነው፤ ተከፍቶ ሳይሆን በቺፑ ተታልሎ ነው የሚሠራው። አዲስ ቨርዥን ሲጫንበት ማታለያው ሊዘጋና ኔትወርክ አልይዝ ሊላችሁ ይችላል። ሳትነኩት አማክሩን። ሲገዛ ስለ ቺፑ ያልተነገራችሁም ካላችሁ ሲሙን አውጥታችሁ እዩ፤ ከሲሙ ጋር የተጣበቀ ስስ ነገር ካለ እሱ ነው።

ሌላው የምንፈራላችሁ ሐሰተኛ አፕዴት ነው። ኢንተርኔት እያያችሁ ድንገት «ስልክዎ አርጅቷል፣ 7 ቫይረስ ተገኝቷል፣ አሁኑኑ ያድሱ» የሚል ከመጣ ዝጉት። በቴሌግራም የባንክ ወይም የስልክ አፕዴት ነው ተብሎ የሚላክ ፋይልንም አትክፈቱ፤ የላከው ወንድማችሁም ቢሆን። የስልካችሁ ሲስተም ሁልጊዜ ሴቲንግ ውስጥ ነው የሚታደሰው። አፕ ደግሞ ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር። ቤታችሁ ሆናችሁ በሌላ በር አትሞክሩ። ሴቲንግ ገብታችሁ ካላገኛችሁት፣ መልእክቱ ውሸት ነው።

ከአፕዴት በኋላ አንድ ሁለት ቀን ስልኩ ቢሞቅ፣ ባትሪውም ቶሎ ቢያልቅ አትደንግጡ። አፖቹን ከአዲሱ ሲስተም ጋር እያስተካከለ ነው። ከሳምንት ካለፈ ግን አምጡት።

በመጨረሻ የማንወደውን እውነት መናገር አለብን። አንዳንድ ስልክ አፕዴቱ አልቋል። ጋላክሲ ኤስ24 እና ፒክስል 8 ሰባት ዓመት ተስፋ ተሰጥቷቸዋል፤ ርካሽ ስልኮች ግን ብዙዎቹ ከሁለት ሦስት ዓመት አያልፉም። አይፎን 6 ከአይኦኤስ 12 አያልፍም፤ ዋትሳፕ ደግሞ ከ15.1 በታች ያለውን አይቀበልም። እንዲህ ያለ ስልክ ላላችሁ «ጣሉት» አንልም፤ የዛሬን የስልክ ዋጋ እናውቃለን። ስልክ ይደወልበት፣ ሙዚቃ ይሰማበት። ቴሌብሩንና የባንኩን አፕ ግን አውጡበት፤ ቤት ውስጥ አፕዴት የሚያገኝ ስልክ ካለ እዚያ ላይ አድርጉት። ሱቃችን መደርደሪያ ላይ ላለው ያገለገለ ስልክም ከዋጋው ሥር የደህንነት ቀኑን ጽፈን እንለጥፋለን። ያልተለጠፈበት ካያችሁ ጠይቁን።

ቤት ውስጥ ዋይፋይ የሌላችሁ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ኑ። ያን ሰዓት ሱቃችን ሰው አይበዛበትም፤ ዋይፋዩም ፈጣን ነው። ከግድግዳው ጋር አምስት ወንበርና የቻርጅ መሰኪያ አዘጋጅተናል። ክፍያ የለውም። ቻርጀራችሁንና ፒናችሁን ብቻ ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሞባይል ጥገና ሱቃችሁ ባልደረቦች