ወጉን ለማሽን፣ ሸክሙን ለእኔ

ሮቸስተር፣ ኒውዮርክ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ እትዬ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እማዬስ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ከመግባቱ በቀር ሁሉ ሰላም ነው።

የላክሽልኝን ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁት። ወንድማችን በስልኩ ቪዲዮ አይቶ «አሜሪካ ሽማግሌ የሚጦር ሮቦት ወጥቷል፤ ለእማዬ አንድ ትላክልን» ማለቱን፣ እማዬም «ምነው፣ ሰው አለቀ?» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ማዞሯን ነገርሽኝ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን መጨረሻ ላይ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «ወገቤ አላስቀምጥ አለኝ» ያልሽው ነው። ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት አረጋውያን ሳነሳና ሳስቀምጥ ኖሬአለሁና የማውቀውን ልጻፍልሽ።

ወንድማችን ያየው ዓይነት፣ ሰው አቅፎ ከአልጋ የሚያነሳ ሮቦት እኔ በገባሁበት ቤት ሁሉ አላጋጠመኝም። ጃፓኖች ሞክረውታል። ሪከን የሚባለው የምርምር ተቋማቸው በፈረንጆቹ 2015 ሮቤር የተባለ፣ ፊቱ የድብ ግልገል የሚመስል ሮቦት ሠርቶ ሰው ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ሲያሻግር አሳይቷል። ራሱ 140 ኪሎ ይመዝን ነበር። ለምርምር የተሠራ ነው እንጂ ለቤት አልደረሰም።

እዚህ ሰው ቤት የገባው የሚያወራው ነው። የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት የአረጋውያን ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ2022 ኤሊኪው የምትባል ሮቦት ከ800 ለሚበልጡ አረጋውያን እንደሚያድል አስታውቆ ነበር። የሠራት የእስራኤል ኩባንያ ነው። አሁን የምጠብቃቸው እሜቴ ቤትም አንዷ አለች። ሰው አትመስልም፤ የጠረጴዛ መብራት ነው የምትመስለው። አናቷ ክብ ነው፤ ዓይን የላትም። ስትናገር ብርሃን ታበራለች፣ ወደ ሰውዬው ዘወር ትላለች። አጠገቧ ትንሽ ስክሪን አለ። ሳትጠየቅ «እንዴት አደሩ? መድኃኒትዎን ወሰዱ?» ትላለች።

እሜቴ መጀመሪያ በወጥ ቤት ፎጣ ሸፈኗት። ጠዋት ስገባ ፎጣው ሥር ሆና ብቻዋን ስታወራ እሰማታለሁ። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ስደርስ ፎጣው ተጣጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እሜቴም ስለ አየሩ ይጠይቋታል። ምን ተገኘ ብላቸው፣ «መድኃኒቴን ውጬ እንደሆነ አንቺን አሥር ጊዜ ስጠይቅሽ አፍራለሁ። እሷን መቶ ጊዜ ብጠይቃት ፊቷ አይለዋወጥም» አሉኝ። እኔ ፊቴ የሚለዋወጥ መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ። ከዚያ ወዲህ ስንቴም ቢጠይቁኝ የመጀመሪያዬ እንደሆነ አድርጌ ነው የምመልሰው።

ልጃቸው ደግሞ ለልደታቸው በባትሪ የምትሠራ ድመት ላከላቸው። ሲዳብሷት ጉርር ትላለች፣ ሆዷን ገልብጣ ትተኛለች። እሜቴ አንዴ አይተው «ሕፃን ነኝ?» አሉና ቁም ሣጥን ውስጥ እንድከታት አዘዙኝ። እዚያው አለች።

ይቺኑ ዓይነት ድመት ግን ሌላ ቤት ስታሳርፍ አይቻለሁ። የመርሳት ሕመም የነበረባቸው እናት፣ ሲመሽ «ቤቴ ውሰዱኝ» እያሉ የሚያለቅሱ፣ እሷን ሲያቅፏት ዝም ይሉ ነበር። ዳቦ ያጎርሷታል። ፍርፋሪው ጠጉሯ ውስጥ ይቀራል፤ ልጃቸው ከመምጣቷ በፊት በማበጠሪያ አራግፍላቸዋለሁ። «ድመትዎ ራባት?» ብዬ መጠየቄ ውሸት ይሆን እያልኩ ለንስሐ አባቴ እስከ መንገር ደርሻለሁ። አሁንም ልቤ አልቆረጠም። ማልቀሳቸው ግን ይቆም ነበር፤ በዓይኔ ያየሁት ነው።

እማዬ ያለችውን ፈረንጆቹም ብለውታል። በአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆቹ 2012 በተደረገ የሕዝብ አስተያየት ጥናት፣ 60 ከመቶው ሮቦት ከሕፃናት፣ ከአረጋውያንና ከአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ ይከልከል አለ። እዚህ አሜሪካ ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በፈረንጆቹ 2017 ሲጠይቅ፣ 59 ከመቶው ለራሴም ለቤተሰቤም አልፈልግም ብሏል። 64 ከመቶው አረጋውያንን ይበልጥ ብቸኛ ያደርጋቸዋል ሲል፣ 70 ከመቶው ደግሞ ወላጅ የመጦሩን ጭንቀት ለልጆች ያቃልላል አለ። ልብ አድርጊ እትዬ፤ ጭንቀቱ የሚቀለው ለልጅ ነው፣ ብቸኝነቱ የሚብሰው በወላጅ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ማሽኑ ሸክሙን ወስዶ ወጉን ለእኔ ቢተውልኝ እንዴት በወደድኩ። ከእሜቴ ጋር ሻይ ይዤ መቀመጥ፣ የባላቸውን ፎቶ እያየን ማውራት፣ ጠጉራቸውን ማበጠር፣ ይህ የሰው ሥራ ነው። የመጣው በተቃራኒው ነው። ማሽኗ ከእሳቸው ጋር ታወራለች፤ እኔ አጎንብሼ አንሶላ እቀይራለሁ፣ አነሳለሁ፣ አጥባለሁ። ድሮ የሠራሁበት አንድ ድርጅት ሁለት ሰው የሚያስፈልጋቸውን ከባድ ሽማግሌ ለብቻዬ ሰጥቶኝ ወገቤ ሦስት ሳምንት አስተኝቶኛል። ያኔ «ሮቦት እናምጣልሽ» ያለኝ ሰው አልነበረም። ለእናንተ ያልነገርኳችሁ እንዳትጨነቁ ብዬ ነው።

ስለዚህ ለወንድማችን ንገሪው፤ ለእማዬ የሚያወራ ነገር አልልክም። እማዬ ወግ አልጎደላትም። ቡናው አለ፣ ጎረቤቱ አለ፣ አንቺ አለሽ። የጎደለው የሚያነሳ እጅ ነው። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ በቀን ስንት ጊዜ ለብቻሽ እንደምታነሺያት አስቤው ሆዴ ተላወሰ። ከዚህ ወር ጀምሮ ጠዋትና ማታ የምታግዝሽ ሴት እንድትቀጥሪ ገንዘቡን ለብቻው እልካለሁ። ማንን እንደምትወድ ግን እማዬን ራሷን ጠይቂያት፤ ሰውነቷን የምትነካት ሴት ናትና።

ለገና በሚመጣው ሰው ደግሞ የማንሻ ቀበቶ ልኬልሻለሁ። ሰፊ ነው፣ መቆለፊያ አለው። ከልብሷ በላይ ወገቧ ላይ እሰሪው፤ ሁለት ጣትሽ ብቻ እስኪገባ አጥብቂው። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጫት፣ እግሯ መሬት ይንካ። ፊት ለፊቷ ቁሚና ቀበቶውን በሁለት እጅሽ ከሥር ያዢው። ክንዷን ወይም ብብቷን ይዘሽ አትጎትቻት። ወገብሽን ሳይሆን ጉልበትሽን እጠፊ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» በሉ አብራችሁ፤ ሳትቆጥሪላት በፍጹም አታንሻት፣ ሰው ሳይነገረው ሲነሳ ይደነግጣል። ቆማ ስትረጋ ነው ወደ ወንበሩ የምታዞሪያት።

የመጀመሪያውን ቀን ብቻሽን አትሞክሪው። ወንድማችን ስልኩን ይያዝልሽና በቪዲዮ ደውሉልኝ፤ ጉልበትሽ ሲታጠፍ ማየት እፈልጋለሁ። እዚህ ሌሊት ቢሆንም አነሳዋለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ናፋቂሽ ታናሽ እህትሽ