ቤቱ በማን ስም ነው?

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በእንግሊዝ ስለሚኖሩ ወገኖቻችን ትዳርና ፍቺ ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ ሳይጋቡ ለዓመታት አብረው የኖሩ ጥንዶችም ሲለያዩ ቤታቸውን እንደ ባልና ሚስት እንደሚካፈሉ ተገልጿል። ይህ ስሕተት ነው፤ አምኖበት የሚቀመጥ ሰው ደግሞ ቤት አልባ ሊሆን ይችላል።

የተሳሳተው ግምት ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) እንደ ባልና ሚስት ቢያንስ ሦስት ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራ እንደሚሆን ይደነግጋል። የእንግሊዝና የዌልስ ሕግ ግን የአብሮነትን ዘመን አይቆጥርም፤ የሚጠይቀው ቤቱ በማን ስም እንደተመዘገበና ጥንዶቹ ስለ ድርሻቸው ምን እንደተስማሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በይግባኝ ፍርድ ቤት በታየ አንድ መዝገብ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራ የኖረች፣ ሁለት ልጆች ያሳደገች፣ በኋላም ሠርታ ከደመወዟ የቤት ወጪ የሸፈነችና ዕቃ የገዛች ሴት፣ ቤቱ በሰውየው ስም በመሆኑና ለግዢው ባለመክፈሏ ምንም ሳታገኝ ቀርታለች። ዳኞቹ ጉዳዩ የፓርላማ ነው ብለው አለፉት፤ ፓርላማውም እስካሁን አላነሣውም ማለት ይቻላል። የሕግ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2007 ያቀረበው የማሻሻያ አሳብ ተቀብሮ ሲቀር፣ ስኮትላንድ ግን ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብላ የራሷን ሕግ አውጥታ ነበር።

ቤቱ በሁለቱም ስም ከሆነ መነሻው እኩል ድርሻ ነው። ይህም ቢሆን የማይነቃነቅ አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ አጋሯ ጥሏት ከሄደ በኋላ ለረጅም ዓመታት የቤቱን ብድር (ሞርጌጁን) ብቻዋን ለከፈለች እናት 90 በመቶውን፣ ለእሱ 10 በመቶውን አጽድቋል። እዚያ ለመድረስ የወጣውን የጠበቃ ገንዘብ አስቡት! ሁለት ሰዎች ቤት ሲገዙ በሚሞሉት የዝውውር ቅጽ ላይ ድርሻቸውን የሚያሰፍሩበት ቦታ ስላለ፣ ያን ቀን ተነጋግሮ መሙላት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ እዚሁ እንግሊዝ በሽማግሌና በሃይማኖት አባት ፊት ብቻ ተጋብተው በአገሩ ሕግ ያላስመዘገቡት ናቸው። ማኅበረሰቡ ባልና ሚስት ቢላቸውም ሕጉ ብዙውን ጊዜ እንዳልተጋቡ ይቆጥራቸዋል። አገር ቤት በሕግ የጸና ጋብቻ የፈጸሙት በዚህ አይነኩም።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ እርማት እንድታወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከለንደን