አረጋውያኖቻችንን ወደ ፌርፊልድ ቤት ለማድረስ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ በለንደንና በአካባቢዋ የምትኖሩ ወገኖቻችን፤

እንግሊዞች ልጆቻቸውን ይዘው የመሳፍንቶቻቸውን ቤት መጎብኘት ይወዳሉ። ቲኬት ቆርጠው ይገቡና በግድግዳው የተሰቀሉትን የአያት የቅድመ አያት ሥዕሎች እያዩ፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን በየትኛው ጦርነት እንደወደቀ ሰምተው ይመለሳሉ። የእኛም ልጆች ዊንስተን ቸርችል የተወለዱበትን ብሌነምን የመሰለ ቤት አይተው ሲመጡ የዚያን ቤተሰብ ታሪክ በቃላቸው ይነግሩናል።

በባዝ ከተማ፣ ኒውብሪጅ በተባለው ሰፈር ያለው ፌርፊልድ ቤት ከብሌነም ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ የሚነገርበት የቤተሰብ ታሪክ ግን የእኛው ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ተሰደው፣ በ1936 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በጄኔቫ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ካሉ በኋላ ይህን ቤት ገዝተው እስከ 1940 ኖረውበታል። ገንዘብ ሲያጥር የብር ዕቃ እስከ መሸጥ ተደርሷል፤ እቴጌ መነንም ብርዱ ስላልተስማማቸው ወደ ኢየሩሳሌም ሄደዋል። ልዕልት ፀሐይ በእነዚያው የስደት ዓመታት ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረዋል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ደራሲው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደግሞ የአገራቸውን ነፃነት ሳያዩ በ1938 እዚያው አርፈው፣ ዐፅማቸው ከድል በኋላ ወደ አገሩ እስኪመለስ ድረስ በባዝ መቃብር ቆይቷል።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1958 ቤቱን የሰጡት ለአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ብለው ነው። ይህን ጥሪ እንድናቀርብ ያስገደደንም ይኸው ነው፤ ባለፈው ነሐሴ ባደረግነው ጉብኝት የቀሩብን፣ ከማንም በፊት ሊያዩት የሚገባቸው የራሳችን አረጋውያን ነበሩና። ከፓዲንግተን እስከ ባዝ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቢሆንም፣ ከጣቢያው ወርዶ ሌላ አውቶቡስ መያዙና በእግር መሄዱ በከዘራ ለሚራመድ ሰው አይሞከርም። ከተመዘገቡት እናቶችና አባቶች የመጡት ሦስት ብቻ ነበሩ።

ከሦስቱ አንዷ እናት፣ የስደተኛው ቤተሰብ ይጸልይበት ወደነበረው ቦታ ሲደርሱ ነጠላቸውን አስተካክለው ጫማቸውን አወለቁ። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ እያነበበ ሲተረጉምላቸው የነበረው የልጅ ልጃቸው አፍሮ፣ «እማማ፣ እዚህ እኮ ጫማ አይወለቅም» አላቸው። ተሳልመው ጥቂት ቆዩና፣ በአምስቱ ዓመት አርበኛ ስለነበሩት አባታቸው ይነግሩት ጀመር። እኛም ከበን ሰማን። አንዳችንም ግን ድምፃቸውን መቅዳት ትዝ አላለንም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

ስለዚህ በመጪው ነሐሴ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስገባ አውቶቡስ ተከራይተን አረጋውያንን ያለ ክፍያ ከየደጃቸው ለመውሰድ፣ የሚናገሩትን በደንብ ለመቅዳት፣ ለልጆቹም የቤቱን ታሪክ በአማርኛ የሚተርክ ትንሽ መጽሐፍ ለማሳተም አስበናል። አንድ ቤተሰብ የዕድር መዋጮ እንደሚያወጣው ሁሉ 20 ፓውንድ ቢያዋጣልን እንጀምራለን፤ ያነሰም የበዛም በምስጋና እንቀበላለን። ገንዘቡ ካልሞላ መጽሐፉ ለከርሞ ይቆያል እንጂ አውቶቡሱ አይቀርም። ከወጪ የተረፈ ካለ ለፌርፊልድ ቤት ጥገና እንዲውል እናስረክባለን።

መዋጮውን ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ለገንዘብ ያዣችን ሰጥታችሁ ደረሰኝ እንድትቀበሉ እንለምናለን። ከዚያ ዘመን የቆየ ፎቶግራፍ ወይም ደብዳቤ ያላችሁም አምጡልን፤ ቅጂውን አንሥተን ዋናውን ወዲያው እንመልሳለን። መሄድ የሚፈልጉ እናቶችና አባቶች ስም እስከ ሰኔ መጨረሻ ይመዝገብ፤ ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀሙ ካሉም አብሮ ይነገረን።